ክብደትሽን ወደ ግራ አምጪው

ቡሪ፣ ካርቱም
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለናርዶስ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የካምፓላ ዝናብ እንዴት አድርጎሻል? ሹራብሽን ትለብሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ አባትሽ ግን ረጋ ብዬ ልነግርሽ ስለፈለግሁ ነው የጻፍኩልሽ። በስልክ «ባባ እንዴት ነው?» ባልሽኝ ቁጥር «ደህና ነው» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ የማልፈው፣ የገመድ አልጋው አንገሬቡ ላይ ተጋድሞ እያንዳንዷን ቃል ስለሚያዳምጥ ነው። ጎረቤታችን ዛሂራ ልጇን ልትጠይቅ ወደ እናንተ ከተማ መምጣቷ ነውና፣ እሱን ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገው ይህቺን ጻፍኩ።

ሐምሌ ላይ ስትሮኩ ግራ ጎኑን ከመታው ጀምሮ፣ እጁ ቶሎ ቢመለስለትም፣ አባትሽ ቆሞ አያውቅም ነበር። ሐኪሙ «እግሩ ይድናል፤ ግን ክብደቱን እየጣለበት ካላለማመደው እንዲሁ ይቀራል» ብሎናል። የሰጡንን መደገፊያ ብረት አንድ ቀን እንኳ አልነካውም፤ እኔ ልብስ አሰጣበታለሁ። ጓደኛሽ ረባብ በየጠዋቱ ብቅ እያለች «ያ ኡስታዝ፣ ሽወያ፣ ትንሽ ብቻ ቁምልን» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርባታል። ዕድሜ ልኩን የቡሪን አሸዋ እየረገጠ፣ ነጋዴውንም ዲፕሎማቱንም ጎልፍ ሲያስተምር፣ «እግርህን እንዲህ አድርግ» ሲል የኖረ ሰው ነው። የገዛ እግሩ አልታዘዝ ሲለው አፈረ መሰለኝ። እኔም ልመናው ሰለቸኝ። አንዳንድ ቀን ምሳውን አስቀምጬለት ኩሽና ገብቼ አለቅሳለሁ።

የመስቀል ሰሞን ያ ቪዲዮሽ መጣ። «ባባ፣ ኳሷ ወደ ቀኝ እየሄደች አስቸገረችኝ፤ ልጆች ለማስተማር ልፈተን ነውና እርዳኝ» ያልሽበት። ረባብ ኔት የሚሸጥበት ሱቅ ሄዳ አውርዳ አመጣችው። መጀመሪያ አላይም አለ። ከዚያ አየ፤ ደግሞ አየ፤ በመጨረሻ ስልኩን ከእጇ ነጠቃት።

«ማዘንጊያ፣ ሹፊ እስቲ፣ እያት» አለኝ። «ቀኝ እግሯ ላይ ቀርታ ነው የምትመታው። ወደ ኋላ ልትወድቅ ነው እኮ።»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ?» አልኩት። እንደምታውቂው እኔ ትልቅ ሰው እንቁላል የምታህል ኳስ ሲያባርር ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ሳቄ ይመጣል።

«ዱላውን ወደ ኋላ ስታነሣ ክብደቷ ቀኝ እግሯ ላይ ይሁን፣ ደግ። ስትመለስ ግን ቀድሞ የሚሄደው ዳሌ ነው። ግራ እግሯን ትረግጣለች፣ ዳሌዋን ታዞራለች፣ እጅ ከኋላ ይመጣል። እሷ እጇን አስቀደመች።»

«ታዲያ እንዲያ ብለህ ንገራታ።»

«በወሬ አይገባትም። ማየት አለባት። ዱላዬን አምጪልኝ።»

ከቁም ሳጥኑ ኋላ አውጥቼ፣ አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠሁት። ረባብ ልትቀርጸው ስልኳን ደገነች፤ እኔ ከጀርባው ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ተነሣ። ዱላው በሁለት እጅ ስለሚያዝ የሚደገፍበት እጅ አልተረፈውም። ክብደቱን ቀኝ እግሩ ላይ አደረገና «ያላ፣ አሁን ዳሌ» ብሎ ወደ ግራ ጣለው። ጉልበቱ ተብረከረከ። እኔ ላይ ወደቀና ሁለታችንም አንገሬቡ ላይ ዘጭ አልን። ይናደዳል ብዬ ስፈራ፣ ረባብን «ይቺን አትላኪያት፤ እንደገና» አላት።

ልጄ፣ የሚደርሱሽ ቪዲዮዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት። አንቺ የምታዪው የተሳካውን ብቻ ነው። እግርሽን ገጥመሽ ቆመሽ ምቺ ያለሽ ጊዜ፣ እኔ ከካሜራው ውጪ ቀበቶውን ይዤ ነበር። ግራ እግርሽን ወደ ፊት እየረገጥሽ ምቺ ሲልሽ ደግሞ፣ ለማሳየት ራሱ መርገጥ ነበረበትና ረገጠ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያ እርምጃው ያቺ ናት። እሱ አላስተዋላትም፤ ሐሳቡ ያንቺ ዳሌ ላይ ነበር። ረባብና እኔ ተያየን፤ እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ መቅረጿን ቀጠለች።

ባለፈው ሳምንት ምቱን እስከ መጨረሻው ወሰደው። ቀኝ ተረከዙ ተነሥቶ፣ መላ ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ ሆኖ ቆመ። «ኳሷ እስክታርፍ እንዲህ ነው የሚቆመው፤ ንቅንቅ የለም» ይልሻል ወደ ስልኩ። ኳስ እንኳ አልነበረም። ቀበቶውን ለቅቄው እንደነበር ያወቅሁት እጄን አፌ ላይ ሳገኘው ነው። በጣም ደስ አለኝ፤ ከጦርነቱ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ትናንት ረባብ አዲሱን ቪዲዮሽን ይዛ መጣች። አሁንም ቀኝ እግርሽ ላይ ነሽ። ወደ በሩ ጠራችኝና «ወላሂ ኻልቲ፣ ናርዶስ ትንሽ ልጅ ሆና እንኳ እንዲህ አትመታም ነበር። አብረን አይደል እንዴ የተማርነው? ግራ እግሯ ላይ እንደ ችካል ነበር የምትቆመው» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። አውቀሽ ታደርጊው እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ አንቺም እንዳትነግሪኝ። እኔ መደበቅ አልችልበትም፣ ፊቴ ያሳብቅብኛል።

«ሥራዬን ትቼ ልምጣ» ያልሽውንም ለጊዜው ተይው። ናፍቆትሽስ ገድሎኛል፤ አልጋሽን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ግን ብትመጪ ትደግፊዋለሽ፣ ከደገፍሽው ደግሞ ይቀመጣል። ዛሬ ጠዋት ገና ፊቱን ሳይታጠብ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «ናርዶስ ምን ላከች?» ከዚያ ማንም ሳይለምነው ጫማውን አምጪ አለኝ።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ የሄድሽበትን መንገድ እመብርሃን ታቅናልሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ሰው ትሰውርሽ። እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ባርኮ ፈተናሽን ያሳልፍልሽ። ፈታኞቹ ፊት አባትሽ እንዳስተማረሽ አሳምረሽ ምቺ። ለእሱ በምትልኪው ላይ ግን፣ እናት ለልጇ እንዲህ ያለ ልመና አታቀርብም እንጂ፣ ቢያንስ እስከ ፋሲካ ድረስ አበላሺለት።

ሁሌም የምታስብሽ እናትሽ
ማዘንጊያ