ለግራ እጅዎ ተብለው የተስተካከሉ ላፕቶፖች

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለግራ እጅዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ላፕቶፖቻችንን ሊኑክስ ወደሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ካዛወሩልን ወዲህ እኛ የጽሕፈት ክፍል ሠራተኞች እርስዎን ሳናነሳ የዋልንበት ቀን የለም። እንዴት አድርገን እንደምናነሳዎት ግን ለጨዋ ሰው አይጻፍም።

፩ኛ. ግራኝ ነዎት፤ እሰየው። ሆኖም በጣት የሚነካውን የታችፓድ ሰሌዳ ቁልፎች ለራስዎ እንዲመችዎ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ ካደረጉ በኋላ ያንኑ ቅንብር ለሁላችንም ማደልዎ ሰው ሁሉ በእርስዎ አምሳል እንደተፈጠረ ማመንዎን ያሳያል። ስለ ቸርነትዎ እናመሰግናለን።

፪ኛ. ታችፓዱን ነካ ማድረግ ብቻውን እንደ ጠቅታ እንዲቆጠር አዝዘዋል። በጽሕፈት መኪና ያደጉት አንጋፋዋ ጸሐፊያችን ደግሞ ሲጽፉ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፤ ባሳረፉ ቁጥርም ፊደሉ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳየው ከርሰር ዘልሎ ሌላ ቦታ ጉብ ይላል። ባለፈው ሳምንት ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ሲጽፉ፣ «ከታች ስለሚያፈስ በአስቸኳይ ይቀየር» የሚለው አጠገቡ ተከፍቶ በነበረው፣ ለጡረተኛው ባልደረባችን በተዘጋጀው የምስጋና ደብዳቤ ውስጥ ገባ። ጡረተኛው እስካሁን አኩርፈዋል። እርስዎም የጸሐፊዋ ዓይን ደክሟል፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወሩ ብለው ለሥራ አስኪያጁ ጻፉ። ውሳኔው ነገ ነው። እኔን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና አንጀቴ አርሯል።

፫ኛ. ቅንብሩን በየቀኑ አስተካክላለሁ፤ ላፕቶፑ ተዘግቶ ሲከፈት የእርስዎ ትእዛዝ ተመልሶ ይነግሣል። የሚቀመጠው በእርስዎ የይለፍ ቃል ብቻ በሚከፈት ፋይል ውስጥ ነዋ! ሁለት መስመር ጽሑፍ እኮ ነው። ይህንኑ ባመለክት ጥያቄዬን በኮምፒውተር እንድልክ አዘዙኝ፤ እኔም ቁልፎቹ ተገለባብጠውብኝ የላክሁ እየመሰለኝ ስሰርዘው ዋልሁ።

ስለዚህ ሁለቱን መስመሮች እንዲያርሙ፣ ስለ ጸሐፊዋ የጻፉትንም እንዲያነሱ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

መዳፌን በአየር ላይ አንጠልጥዬ፣ በአንድ ጣቴ፣ በፍጹም ትሕትና የጻፍኩልዎ፣
የጽሕፈት ክፍሉ አራሚ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ የታሰበ ነበር። ምን ያደርጋል፣ መዳፌ ታችፓዱን ነካ ቢያደርገው ለሠራተኛው በሙሉ፣ ለሥራ አስኪያጁም ጭምር ሄደ፤ ይህን ማሳሰቢያ ጨምሬ የምልከውም ለዚያው ለሁሉም ነው። ሥራ አስኪያጁ ወዲያው መለሱልኝ፤ ባዶ መልእክት፣ ቀጥሎም ሌላ ባዶ። እሳቸውም እንደኛው የሚሠሩት በቀኝ እጃቸው ነው። ሥራ አስኪያጁንም ዓይናቸው ደክሟል ብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ያዛውሯቸው ይሆን?