ከወለላችን ሥር ውዱእ የሚያደርገው

ሰኞ

የቤት ዕጣ ደርሶን ቁልፍ አገኘን። አወቱ ወንዝ ሞልቶ ቤታችንን ከወሰደው ወዲህ እኔና አባዬ የምንተኛው ትምህርት ቤት፣ ጥቁር ሰሌዳ ሥር ነበር። አሁን ቡርቃ በሚባል አዲስ ሰፈር፣ ጅማን ቁልቁል የምናይ ባለ ኮረብታ ነን። «ቆጣቢ ቤት» ይሉታል፤ በተለይ መስኮቱ ላይ ቆጥበዋል። የመልሶ ማቋቋም ኮሚቴው ሰብሳቢ ንግግር አደረጉ። ጎርፍ ቡርቃ ድረስ አይወጣም፤ ወደፊትም አደጋ ሲመጣ ሕዝቡ የሚሸሸው ወደ ቡርቃ ነው አሉ። አጨበጨብን። ቤቱን ጥሎ የወጣ ዕጣው ይሰረዛል አሉ። እሱንም አጨበጨብንለት።

ማክሰኞ

አባዬ ሳይነጋ ለሱብሂ ሶላት ሲነሳ «ማነው ውዱእ የሚያደርገው?» አለኝ። ከእኛ በቀር ሰው የለም። «አልጋው ሥር ነው» አለ። ጆሮህ ውስጥ ጎርፍ ቀርቷል ብዬ ሳቅሁበት።

ረቡዕ

ሰማሁት። ከሲሚንቶው በታች። ፈሰስ፣ ቆም። ፈሰስ፣ ቆም። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ እግር ለሶላት የሚታጠብ፣ ምንም የማይቸኩል ሰው። ወለሉን ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ጎረቤታችን ዘይነባ በር ላይ ቆማ «እናንተም ጋ አለ?» አለችኝ፣ ስለ አይጥ እንደምትጠይቅ ሁሉ።

ሐሙስ

ሰብሳቢውን ጠራናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ተደፍተው ጆሯቸውን ወለሉ ላይ አደረጉ። «ምንም የለም» አሉ። ግን ቶሎ አልተነሱም።

ዘይነባ «ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ ቡርቃ በአማርኛ ምን ነበር?» አለቻቸው።

«ምንጭ» አሉ።

ሁላችንም ኦሮምኛ የምናወራ ሰዎች ነን። ቀኑን ሙሉ ስንጠራው እንውላለን፤ አንዳችንም ውሃውን አልሰማነውም። ስም ነዋ። ዕቅዱ ላይም፣ ታፔላው ላይም በትልቁ ጽፈነዋል።

«ድሮ የደረቀ ነው» አሉ ሰብሳቢው፣ ወለሉን እያዩ። ለእኛ ይሁን ከሥር ላለው አላወቅሁም። «ኮሚቴው ያጠናዋል። እስከዚያ ግን ቤቱን እንዳትለቁ፣ ዕጣችሁ ይሰረዛል።» ሲወጡ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር።

ዓርብ

ድምፁ ቆመ። ከቤት ቤት «አልሐምዱሊላህ» ተባለ። ሰብሳቢው ደውለው ጉዳዩን ኮሚቴው እንደፈታው ነገሩኝ። የአባዬ ፊት ብቻ አልተፈታም።

«ልጄ፣ ውዱእ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ ምን ያደርጋል?»

«ለሶላት ይቆማል።»

«እህ። ይነሳል» አለ፣ በዓይኑ ወለሉን እያሳየኝ።

ወጥተን የት እንሄዳለን? ይህን የምጽፈው አልጋ ላይ፣ እግሬን ሰብስቤ ነው። አባዬ አጠገቤ ተቀምጧል። ጫማውን አላወለቀም። እኔም።