በቀን ግማሽ ሊትር

እታለም፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እማዬስ አሁንም ያለ መነጽር ክር በመርፌ እሰካለሁ እያለች ትሟገታለች? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር።

«አንዱን ኩላሊቴን ውሰድ፣ ልመርመርልህ» ብለሽ ከጻፍሽልኝ ሦስት ወር ሆነ። እኔ ስለ ዝናቡ ጻፍኩልሽ።

በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ከኩላሊት እጥበት ማሽኑ ጋር እታሰራለሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ደሜ ወጥቶ፣ ታጥቦ ይመለሳል። ከጎኔ የሚተኛው ጡረተኛ ሾፌር «ሞተራችን ደህና ነው፤ የተደፈነው ፊልትሮው ነው» እያለ ነርሷን ያስቃታል። ሳይቀልድ የዋለ ቀን ሁላችንም እንፈራለን።

የሚከብደው ጥሙ ነው። ኩላሊቴ ውሃ ስለማያስወጣ፣ የተፈቀደልኝ በቀን ግማሽ ሊትር ብቻ ነው። ጠዋት ያንን በጠርሙስ ሞልቼ ከስፌት መኪናዬ ጎን አቆማለሁ። ሻይ ከጠጣሁ ያንኑ ያህል ከጠርሙሱ እደፋለሁ። ጠርሙሱ ካለቀ ቀኑ አለቀ። በስፌት ቤቱ ግን ለማንም አልተናገርኩም። መቀስ እንኳ እያዘኑ እንዳያቀብሉኝ ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት ቁልፍ የምትተክለው ባልደረባችን ጠርሙሱ ሲጎድል እያየች፣ ሳላውቅ ትሞላልኝ ነበር። ሁለት ቀን። ገና አለኝ እያልኩ ጠጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ? በሁለተኛው ቀን ጠርጥሬ ነበር። ጠጣሁ። በማግስቱ ትንፋሽ አጥሮኝ ከሱሪው ክምር ላይ ወደቅኩ።

ሆስፒታል ስነቃ ከራስጌዬ ተቀምጣለች። «እኔ እኮ ውሃ የሚወድ ሰው ነው ብዬ! ምነው ወንድሜ፣ አፍ የለህም?» እያለች፣ እያለቀሰች ተቆጣችኝ።

እታለም፣ ዝም ያልኩሽ ስላልፈለግኩ አይደለም። ስለፈለግኩ ነው። ቀሚስሽን ይዤ መንገድ ስሻገር ማደጌ አንሶ፣ ከአካልሽ ቆርሰሽ ስጪኝ ማለት አቃተኝ። ልጆችሽን አሰብኩ። ቢላውን አሰብኩ። አሁን ግን እለምንሻለሁ፤ ተመርመሪልኝ። ሐኪሙ አይሆንም ቢል፣ ወይም አንቺ ፈርተሽ ብትተዪው፣ አልቀየምሽም። ብቻ መፈለጌን እወቂልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ምንም አትንገሪያት፤ እኔው እጽፍላታለሁ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ይህን ደብዳቤም አስነብቢው፣ ጉዳዩ የእሱም ነውና። ትልቋን ጉንጯን፣ ትንሹን ያንን ጠባሳ ያለበት ግንባሩን ሳሚልኝ።

ለመልሱ አትቸኩዪ። አይ፣ ዋሸሁ። ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ
ከስፌት ቤቱ የጓሮ ክፍል፣ መጋቢት 9 ቀን