ስምንት ቀይ ካርኔሽኖች

...ስምንት ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሁለተኛውን ጊዜ በዓይኔ ብቻ፣ ማንም እንዳያውቅብኝ...

ለክቡር ዲን ፕሮፌሰር ዶብሮሚር ቻካሎቭ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም እስካሁን በጽናት ለሚመታው ልብዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። የእናትዎንም ነፍስ ይማር፤ ይህን ያለ ምፀት ነው የምጽፈው። ከዚህ በታች ያለው ሌላ ነው። ደብዳቤውን በፋኩልቲው መግቢያ ላይ የምለጥፈው የቀደሙትን ሦስቱን ጸሐፊዎ መሳቢያ ውስጥ በጥንቃቄ ስላስቀመጡልኝ ነው።

አንደኛ፤ ከአሥራ አንድ አገር ለመጡት ተማሪዎቻችን «ከዛሬ ጀምሮ ቤታችሁ ነው» ብለው ስላደረጉት ንግግር፣ ለእኛ ለአማካሪዎችም ስላደሉን ባለ አርባ ገጽ መመሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። መመሪያው ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚጨባበጡ፣ ምን እንደማይበሉ፣ ዓይናቸውን ለምን ሰበር እንደሚያደርጉ በዝርዝር ያስረዳል። እኛ ምን እንደምንፈራ ግን አንድ መስመር የለውም። በእኛ አገር ለሕያው ሰው የሚሰጥ አበባ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን እንዳለበት፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚያልቅ ግን ለመቃብር እንደሆነ የሚጻፍ ነገር አልመሰለንም፤ ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነውና።

ሁለተኛ፤ ተማሪዬ ሊያንግ ዩን ሦስት ዓመት ተራራ ለተራራ በእግሯ ዞራ፣ መንደርተኛው ለሞቱበት ዘመዶቹ መታሰቢያ በየመንገዱ ያሠራቸውን ስድሳ አንድ የምንጭ ውሃ ቧንቧዎች አንድ በአንድ አይታ፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን አንብባ፣ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጥናቷን ልትከላከል ፊትዎ ቆመች። በአገሯ ደግ ነገር በጥንድ ስለሚመጣ፣ ስምንትም የዕድል ቁጥር ስለሆነ፣ ለጉባኤው ሰብሳቢ ለእርስዎ ስምንት ቀይ የካርኔሽን አበባ ይዛ ነበር። የእናትዎ አርባ የወጣው በዋዜማው ነበር።

«ልጄ፣ ገና አልሞትኩም እኮ» አሉ። ከፈታኞቹ አንዱ ፕሮፌሰር ኬራኖቭ ሳቁና «ኧረ ትንሽ እንኳ ታገሺው!» ብለው ጨመሩበት። ሰው ሁሉ ሲስቅ ያየች ተማሪዬም ሳቀች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ በአክብሮት። ያን ጊዜ ፊትዎ ተለወጠ። «ስለ ሙታን ይህን ሁሉ ያወቅሽ፣ ይህቺን እንዴት አጣሻት?» ብለው ጠየቋት። የፈተና ጥያቄ መስሏት ደብተሯን ከፍታ ጻፈችው። ሌላ ጥያቄ አልነበረዎትም። ሁለት ሰጥተው ጣሏት፤ ከሁለት በታች ውጤት ስለሌለን ለጋስነትዎ እዚያ ላይ ቆመ።

ሦስተኛ፤ ይግባኜን «ውጤቱ በእውቀት ብቻ የተመዘነ ነው» በሚል አንድ መስመር በመመለስ ጊዜዬን ስለቆጠቡልኝ አመሰግናለሁ። የመኖሪያ ፈቃዷ ከተማሪነቷ ጋር አብሮ አርብ ያበቃል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጉባኤው ሐሙስ እንደገና ይሰብሰብና፣ ክቡርነትዎ በሌሉበት፣ ትጠየቅ።

አራተኛ፤

አራተኛን ጽፌ ሁለት ቀን ባዶውን ተውኩት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ «መምህርት፣ አበባው እንዲህ ይሆናል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ቆጠርኩ። አንዱን መዝዞ ማስቀረት ብቻ ይበቃ ነበር፤ እጄም ተነሥቶ ነበር። ከዚያ እርስዎ ታወሱኝ። አሥራ አራት ዓመት በረዳትነት ያስቀመጡኝ፣ ስብሰባ ላይ ስሜን የሚረሱት እርስዎ፣ ያንን አበባ በሁለት እጅዎ ሲቀበሉ ማየት አማረኝ። «ይሆናል» አልኳት። ኮሌታዋንም አስተካከልኩላት።

እርስዎ ያደረጉትን በንዴት ነው ያደረጉት። እኔ በእርጋታ ነበር።

እስከ ወለሉ ድረስ፣ ከተቻለም ከወለሉ በታች፣ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣

ራዶስቲና ሚንቼቫ
ረዳት መምህርት፣ የሊያንግ ዩን አማካሪ (እስከ አርብ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ሐሙሱ ጉባኤ ከእንግዲህ አይጨነቁ፤ ወንበርዎ አይነካም። ይህን ልለጥፍ ስነሣ ሊያንግ ዩን ሻንጣዋን ኮሪደሩ ላይ አቁማ ልትሰናበተኝ ገባች። አንድ ቀይ ካርኔሽን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«አበባ ሻጯ ያን ቀን ዘጠነኛ ካልጨመርኩልሽ ብላኝ ነበር» አለች። «ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቆይ፣ መጀመሪያ መምህርቴን ልጠይቃት አልኳት።»

ቀና ስል በሩ ተዘጋ።