ስለ ሓዝሓዝ ሜዳና ስለ አንድ ምስማር

ለክቡር አቶ ደርበው፣
የባዶ ቦታዎች ጽሕፈት ቤት ሹም፣
አስመራ።

ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ እጅ ነሥቼ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኪናዎ ደኅና ናቸው ወይ? በተለይ ማኪናዎ፤ የሰፈራችንን የሓዝሓዝን ሜዳ ለእሷና ለጓደኞቿ ማደሪያ ሊያጥሩላት ነው ሲሉ ሰምቻለሁና። እኔ ጠዓመ እባላለሁ፤ ኀምሳ ዓመት መደበር በሚባለው የቀጥቃጮች ገበያ ውስጥ ብረት ስቀጠቅጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም። የሚጽፍልኝ ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ተኽለ ነው፤ ቃሌን ሊያለዝብ ሲሞክር እጁን ስለያዝሁት የተጻፈው ሁሉ የእኔ ነው። ደብዳቤው ለእርስዎ ይሁን እንጂ ግልባጩ በየሻሂ ቤቱ ይነበባል።

አንደኛ፣ ሜዳውን ባዶ ቦታ ብለው ስለሰየሙልን የቐንየለይ፣ በእርስዎ ቋንቋ አመሰግናለሁ። ሳናውቅ ኖረናል። በዚያ ባዶ ላይ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የተዳሩበት ዳስ ተተክሏል። ባለቤቴ ርግበ ስትሞት ለቅሶ የተቀመጥሁት እዚያው ነው፤ ሊያጽናናኝ የመጣው ሰው ብዛት ሣሩን አስተኝቶት ነበር። ቤታችን አንዳንድ ክፍል ነው፤ ሰው የምንቀበልበት አዳራሻችን ሜዳው ነው። ባዶ ማለት ሹም ያልተቀመጠበት ማለት ከሆነ ግን እውነትዎን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ምስማሩ አመሰግናለሁ። በሐምሌ ሠራተኛዎ መጥቶ በሜዳው ዳዕሮ ዛፍ ላይ ወረቀት ቸነከረ። ተቃዋሚ ካለ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክት የሚል ኖሯል። ማን ያንብበው? በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ዝናብ ወሰደው፣ ምስማሩ ቀረ። እኔም ለሽማግሌ ታስቦ መስሎኝ የቀረውን ቀን ሁሉ ካፖርቴን ስሰቅልበት ሰነበትሁ። እርስዎ ግን ተቃዋሚ አልቀረበም፣ ሕዝቡ ደግፏል ብለው ጻፉ። በእኛ አገር ሕዝብ የሚጠየቀው ዛፉ ሥር ተሰብስቦ፣ ፊት ለፊት ነው። እርስዎ ዛፉን ጠየቁት እንጂ እኛን አልጠየቁንም።

ሦስተኛ፣ ሜዳው እንዳይታጠር ሁለት መቶ ሠላሳ ሰዎች በጣታችን የፈረምንበትን ወረቀት ይዘን ስንመጣ፣ ይህ ፊርማ ሳይሆን ቆሻሻ ነው ብለው ስለመለሱልን አመሰግናለሁ። መበለቲቱ ኣስካሉ ጣቷን ሦስት ጊዜ ታጥባ ነው ያተመችው። የእኔ አውራ ጣት መስመር እንደሌለው አይተውም ሳቁ። መስመሩን መዶሻ በልቶታል፤ የእርስዎ ሙሉ ነው፣ ምንም አልነካውም።

አራተኛም ነበረኝ፤ እሱን ስናገር ግን ተኽለ ልጆች አሉኝ ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ።

ልመናዬ አጭር ነው፤ ሜዳውን ይተዉት።

ትሕትናዬን እስከ ጫማዎ ድረስ ዝቅ አድርጌ፣ ከጫማዎ በታች ግን ሳልወርድ፣ ሹመትዎ ከሜዳችን ርቆ እንዲረዝም የምመኝ፣

ጠዓመ፣ ከሓዝሓዝ
(መስመር የሌለው አውራ ጣት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምስማርዎን ነቅዬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሰውዎ ሲመታው አጉብጦት ነበር፤ አቃንቼዋለሁ፣ ልማዴ ነው። የአጥሩን የብረት በር መደበር እንዳዘዙም ሰማሁ። የመደበር ቀጥቃጮች ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ጣታቸው አለ። በቆሻሻ ጣት የተሠራ በር ክቡርነትዎን እንዳያሳፍር ብለው ሥራውን ትተውታል። ንጹሕ ጣት ያለው ቀጥቃጭ እስኪያገኙ ድረስ ሜዳው ክፍት ነው።