ተጠናቋል የተባለው ውሃ

ላሊበላ፣ ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ዛሬ ፕሮግራሜ ሠራ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች የመንግሥትን ወጪ መረጃ ጠይቀው መልስ የሚያገኙበት መሣሪያ ነው። ስንት ወር ለፍቼበት ደስታው እስከ ምሳ እንኳ አልቆየልኝም።

አክስቴ ወርቄ ከብልባላ ወዲያ ካለው መንደራችን ለወገባቸው ሕክምና መጥተው እኔ ዘንድ አርፈዋል። ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ ላሳያቸው ብዬ ስለ መንደራችን ውሃ ጠየቅሁት። «የቧንቧ ውሃ ግንባታ፤ ተጠናቋል» ብሎ መለሰ። ውሃው ቀርቶ ቧንቧው እንኳ አልተቀበረም፤ ቦዩ ተቆፍሮ እንደቀረ ነው። ድምፄን አውጥቼ አላነበብኩላቸውም።

«የእኛ መንደር ስም አለበት?» አሉኝ።

«አለ።»

«እንግዲያው አልተረሳንም። ውሃውን ሊያስገቡልን ነው።»

መረጃውን ወዳወጣው የመንግሥት ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው፣ «ተጠናቋል ነው እኮ የሚለው፤ ምን ላድርግልህ?» አለኝ። እኔም መረጃውን ማረም አልችልም። ከነገ ጀምሮ ውሃ የሌላቸው መንደሮች የትኞቹ እንደሆኑ የሚፈልግ ረዳት ሁሉ መልሱን ከእኔ መሣሪያ ይወስዳል። የእኛ መንደር እዚያ ውስጥ አይኖርም። ይህን በእጄ ሠራሁት።

ከሰዓት በኋላ አክስቴን ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ወገባቸውን ዳስሳ፣ «እማማ፣ ጀሪካን መሸከም ካላቆሙ መድኃኒቱ አይረዳዎትም» አለቻቸው።

«ግድ የለም ልጄ፣ ውሃው እኮ ሊገባልን ነው» አሏት። ወደ እኔ ዞረው፣ «ንገራት እንጂ» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።