አቀባዩ በስንተኛው ዙር?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 1

ጠዋት ቲማቲሞቹን አጠጣሁ። ጉልበቴ ደኅና ነው። ጋዜጣው ላይ ሁለት የሰዋስው ስሕተት አግኝቼ በቀይ አሰመርኩባቸው… ለማን ነው የማርመው? ልማድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ኮሪን መጣች። አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነው የነገረችኝ። የከተማችን የልጆች አሜሪካን ፉትቦል ማኅበር አንዱን ቡድን ሰጥቷታል። ዋና አሠልጣኝ። አሥር ዓመት የሞላቸው ልጆች። ከዚህ በፊት ሴት ይዛው አታውቅም።

«ከአባቶቹ አንድም እሺ ያለ ስለጠፋ ነው የሰጡኝ። ዘንድሮ ካልሆነልኝ ለከርሞ የለሁበትም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ… «አባዬ፣ ረዳቴ ትሆናለህ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲን አስተምሬ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ደግሞ የፊት መስመር ተጫዋቾችን አሠልጥኛለሁ። ረዳት! ለዚያውም የገዛ ልጄ…

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች። «የምንመካከረው እኔና አንተ ብቻ ነን። የምወስነው ደግሞ እኔ ነኝ።»

እሺ አልኳት። እናቷ ካረፈች ወዲህ እሑድ ለምሳ እየመጣች ስለ ዝናብ ብቻ ነው የምናወራው። ይህ ከእጄ እንዲያመልጥ አልፈልግም።

ተጫዋቾቹ የሚመረጡት ቅዳሜ ነው። በዕጣ የመጀመሪያው ተራ ለኮሪን ወጥቶላታል። ስድስት ቡድኖች ነን። ከአንደኛው ጀምሮ እስከ ስድስተኛው አንድ አንድ ልጅ ይመርጣሉ፤ በሁለተኛው ዙር ስድስተኛው ጀምሮ ወደ አንደኛው ይመለሳል። ስለዚህ እኛ አንድ ልጅ ከወሰድን በኋላ ሌሎቹ ቡድኖች አሥር ልጆች እስኪወስዱ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን።

እንግዲህ መጀመሪያ ማንን? የትኛው ቦታ ላይ የሚሰለፈውን?

ረቡዕ፣ ኦገስት 2

የመፈተኛ ቀን። ልጆቹ ሮጡ፣ ወረወሩ፣ ተጋፉ፣ ሁለቱ አለቀሱ።

ጄስ ማሎይ የሚባል ወርዋሪ አለ። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ያፏጫል። የአሠልጣኞቹ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነበር። የእኔ ግን ኮልተን ሪግስ ላይ አረፈ። ወይፈን የመሰለ ልጅ። ለአቀባይነት የተፈጠረ… ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ ያለውን ኳስ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ለወርዋሪው ይሰጣል፤ ወዲያው ቀና ብሎ ከፊቱ የቆመውን ይገፋል። ጨዋታው ሁሉ የሚጀምረው ከአቀባዩ እጅ ነው። እኔም አቀባይ ነበርኩ። በተጫወትኩባቸው አራት ዓመታት ውስጥ ስሜ ጋዜጣ ላይ የወጣው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ተሳስቶ።

መኪና ውስጥ ተከራከርን።

«ኮልተን ይቅደም» አልኳት።

«አቀባይ በአንደኛ ዙር? አባዬ፣ መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?»

«ይሳቁ። በዚህ ዕድሜ ግማሹ ጨዋታ የሚበላሸው ኳሱ ወርዋሪው እጅ ሳይገባ ነው። ኳስ ያልደረሰው ወርዋሪ የወፍ ማስፈራሪያ ነው።»

«ልክ ነህ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ይህን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ሌሎቹ ገና ሯጭና ወርዋሪ ሲሻሙ ነው የሚያመሹት። ጄስን እወስደዋለሁ። ተራዬ ሲመለስ ኮልተን እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ የሚወሰደው የሚበልጠው አይደለም፣ አባዬ። የማይጠብቀው ነው።»

የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረግሁ። ተረትቼ አይደለም… ሞቆኝ ነው። እራት ላይ ክርክሩን ለብቻዬ ቀጠልኩ።

መጀመሪያ መጠራት ክብር ነው። ሁልጊዜ የሚጠራው ወርዋሪ ነው፤ ሯጭ ነው። የፊት መስመር ሰው ተራ የሚደርሰው መቼ ነው? ግን… ይህ ሐሳብ ነው ወይስ ቂም?

ሐሙስ፣ ኦገስት 3

ፀጉር ቤት ሄድኩ። የሊዮ ምላስ ከመቀሱ ይፈጥናል።

«ኤመሪ፣ ልጅህ ማሎይን ነው አይደል የምትወስደው? ወይስ አንተ አንዱን ድብልብል ልታሸክማት ነው?»

«የማታውቀውን አታውራ።»

«እንዴ! በአንደኛ ዙር አቀባይ ከወሰደች ዓመቱን ሙሉ በነፃ አስተካክልሃለሁ። ለቀረችህ ፀጉር እንደሆነ ኪሳራ የለብኝም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ጨርቁ አንገቴ ላይ እንደታሰረ ተነሣሁ። አስረዳኋቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቅደም ተከተል። የጎደለኝ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነበር። አቀባይ ከሌለ ወርዋሪ እንደሌለ፣ ወርዋሪ ከሌለ ሯጭ እንደሌለ… ሊዮ አሁንም ይሥቃል።

«ኮልተን ሪግስ ከማሎይ ይበልጣል!» አልኩት። «ልጄም ታውቀዋለች። እስከ ሁለተኛው ዙር ማንም አይነካውም ብላ ነው እንጂ!»

በጎን ካለው ወንበር ላይ አንድ ሰው በትኩስ ፎጣ ፊቱን ተሸፍኖ ጋደም ብሎ ነበር። እግሩን ማወዛወዝ አቆመ። ከሁሉም በደንብ ያዳመጠኝ እሱ ይመስለኛል።

ጥሩ ተናገርኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ…

ዓርብ፣ ኦገስት 4

ሙቀት። ለነገ ሸሚዜን ተኮስኩ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 5

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ልጻፈው።

ምርጫው በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ነበር። አሠልጣኞቹ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ረዳቶች ከኋላቸው። ሰብሳቢው ደንቡን አነበበ። ማን በስንተኛው ዙር እንደተወሰደ ለልጆቹ አይነገርም።

ኮሪን «ጄስ ማሎይ» አለች። ማንም አልተገረመም። ሁለተኛው ሯጭ ወሰደ። ሦስተኛውም ሯጭ። ከዚያ ወርዋሪ፣ ከዚያ ሌላ ሯጭ… ልክ እንዳለችው። ስድስተኛው ዱዌን ፓቭሊክ ነው። ተማሪዬ ነበር፤ ላቲን ሁለት ጊዜ የወደቀ። ብድግ ብሎ ቆመ።

«ኮልተን ሪግስ። አቀባይ።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። «ሙቀቱ ነው፣ ዱዌን?» አለው አንዱ።

«ሳቁ፣ ግድ የለም። መምህር ስትራውድ ሐሙስ ፀጉር ቤት ያስተማሩትን ነው የማደርገው። ፎጣ ተሸፍኜ ስለነበር አላዩኝም።» ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ላቲንን እንዲህ ቢያስረዱኝ ኖሮ አልወድቅም ነበር!»

አዳራሹ አጨበጨበ። በክፋት አይደለም። ዱዌን ያከበረኝ መስሎት ነው፤ የባሰውም ይህ ነው። ዕድሜ ልኬን እንዲሰሙኝ ስፈልግ፣ የሰማኝ እሱ…

ኮሪን አልሳቀችም፤ አላጨበጨበችም። ዞራ አየችኝ። ለአፍታ ብቻ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች።

ከኮልተን ሌላ አቀባይ የሚሆን አልነበረም። የመጨረሻው ዙር የሚያልቀው በአንደኛው ቡድን ስለሆነ፣ መጀመሪያ የመረጠችው ኮሪን የመጨረሻውንም ልጅ ወሰደች። መረጠች አይባልም፤ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ስሙ ኦወን፣ የቤተሰቡ ስም ዱዳ። ሸምበቆ የመሰለ፣ በመፈተኛው ቀን ሲያወራ ፊሽካው ያመለጠው ልጅ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ይህን ብቻ ተናገረች፦ «እኔና አንተ ብቻ ብዬህ ነበር።»

ይቅርታ ለማለት ቃል ስመርጥ ቤቴ ደረስን። እንደ እኔ ያለ ሰው ቃል ይመርጣል… ወረድኩ። ሄደች።

እሑድ፣ ኦገስት 6

ለምሳ አልመጣችም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 8

የመጀመሪያው ልምምድ። መሄድ አለብኝ? አልተባረርኩም፤ አልተጠራሁምም። ሄድኩ።

ከሁሉ ቀድሜ ደርሼ ሜዳው ዳር ጠበቅኋት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ» አልኳት። ማብራሪያ አልጨመርኩም። ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ንግግር ይሆን ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለች። ከዚያ ልጆቹ ፊት፦ «ሚስተር ስትራውድ፣ ከሁሉ የሚበልጠው አቀባዩ ነው ብለው ነበር። እንግዲህ አንድ ይሥሩልኝ።»

እርስዎ አለችኝ። በሕይወቷ አንቱ ብላኝ አታውቅም።

«ማንን ይዤ?»

«የተረፈውን።»

በጣቷ አሳየችኝ። ኦወን የራስ ቁሩን ገልብጦ አጥልቆ፣ ውስጡ ሆኖ እያወራ ነው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 17

ይህ ልጅ ዝም አይልም። ስለ አጎቱ የጭነት መኪና። ስለ ቀንድ አውጣ። አቀባይ ደግሞ ወርዋሪው ቁጥር እስኪጠራ እንደ ድንጋይ ዝም ማለት አለበት።

«መምህር፣ ጥያቄ አለኝ።»

«ኳሱ ከእጅህ ከወጣ በኋላ።»

«ኳሱ ከወጣማ ጥያቄው ይጠፋብኛል።»

«እንግዲያው ጥያቄ አልነበረም።»

አሰበበት። ኳሱን ሰጠ። «ልክ ነዎት፣ ጠፋ» አለኝ።

ሳቄን በግድ ያዝኩት።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። አብዛኛው ልጅ ጎንበስ ብሎ ሳለ ከፊቱ የቆመውን ግዙፍ ለማየት ዓይኑን ያነሣል፤ ኳሱ የሚበላሸው ያኔ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ክብደት ነው እያልኩ ስንት ዘመን አስተማርኩ። ኦወን ግን ዓይኑን አያነሣም። ለምን እንደማይፈራ ጠየቅሁት።

«አራት ታላላቅ እህቶች አሉኝ» አለ። «ቀና አልልም፤ ሁልጊዜ አንዷ ልትገፋኝ ከፊቴ እንደቆመች አውቃለሁ።»

ከእኔ ጋር ብቻውን ነው የሚሠራው። ኮሪን ከወዲያኛው ጫፍ አንዳንዴ ታየናለች። ሰላም እንባባላለን። ከዚያ በላይ የለም። ሐሳቤን ብትጠይቀኝ… አትጠይቀኝም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 9

ከዱዌን ቡድን ጋር። ሜዳው ጭቃ ነበር።

ኳሱ የእኛ ሲሆን ኮልተን ከኦወን ፊት ይቆማል፤ ልጁ ኳስ ባቀበለ ቁጥር መሬት ላይ ዘረጋው። ባቀበለ ቁጥር! ኳሱ ግን ቀድሞ ከእጁ ወጥቷል። ልጁ በጀርባው ተንጋሎ «ደረሰ? መምህር፣ ደረሰ?» ይለኛል። ደርሷል። አንዴ ብቻ አምልጦታል። ጄስ ሁለት ጊዜ ወርውሮ አስቆጠረ፤ የእነሱ ሯጭ ግን በኮልተን ጀርባ ሦስት ጊዜ አልፎ ገባ። ተሸነፍን።

ዱዌን ጭቃውን እየረገጠ መጣ። ወላጆች ከበውናል፤ ኮሪን ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላ ኳሶቹን ከረጢት ውስጥ ትከታለች።

«መምህር፣ እንዳሉት ሆነ! አቀባይ ይቅደም!»

ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። በሕዝብ ፊት። አፌ ውስጥ ግን አልጣፈጠኝም።

«ዱዌን» አልኩት፣ «አንተ በስድስተኛው ተራ የወሰድከውን፣ ልጄ በአሥራ ሁለተኛው ልታገኘው ነበር። ማሎይንም ኮልተንንም በአንድ ቀን። ዕቅዱ የእሷ ነበር፤ ልክም ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ዱዌን ራሱን አከከ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ሊዮን ሳመሰግን ነው የኖርኩት፣ እርስዎን ስላናገረልኝ…» አለ።

ኮሪን ከረጢቱን አሰረች። መስማቷን አላውቅም። ከረጢቱን አንሥታ ስታልፍ አንዱን ማንጠልጠያ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ያዝኩት። ሁለታችን ተሸክመን እስከ መኪናው ሄድን።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 14

ዛሬ ከልምምድ በኋላ ኦወን አልሄደም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ነገር እንዳለ ገባኝ።

«መምህር፣ ኮልተን በስድስተኛ ተራ እንደተመረጠ ነገረኝ። አባቱ ነግሮት ነው። እኔስ በስንተኛ ነው የተመረጥኩት?»

ደንቡ አይነገርም ይላል። ግን ይህ ልጅ ደንብ አይደለም የጠየቀኝ። ውሸት ደግሞ ለተማሪ ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም። እውነቱን አሰብኩት… ያ ቀን፣ ያ ጠረጴዛ።

«ኦወን፣ አንተን በወሰድንበት ሰዓት በአዳራሹ ውስጥ ከአንተ የተሻለ አንድም ያልተመረጠ ልጅ አልነበረም።»

ልጁ ደረቱን ነፋ። «አውቄዋለሁ!» አለ፤ እየሮጠ ሄደ። ከአጥሩ ወዲያ ለእህቱ ሲያወራ ይሰማኛል።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ኮሪን ነበረች፤ የመጨረሻውን ዙር አስታውሳ፣ የማሠልጠኛ ሰሌዳዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትሥቃለች።

«አባዬ፣ ይህን ምላስ ያኔ ፀጉር ቤት የት ደብቀኸው ነው?»

አባዬ አለችኝ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 15

እራት ይዛ መጣች፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ዓርብ ዓርብ የሚሸጡትን ድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል፣ ፒሮጊ። ሁለት ሣህን አወጣሁ።

የጄስ አውራ ጣት አብጧል። ነገ አይወረውርም። «ማንን ላድርግ? አንተ ምን ታስባለህ?» አለችኝ።

ሐሳቡ ምላሴ ላይ ነበር። መግቢያው፣ ሦስቱ ምክንያቶች፣ መደምደሚያው… ሁሉም ተሰልፈው ቆመዋል።

«አንቺ ማንን አሰብሽ?» አልኳት።

ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። «አሞሃል እንዴ?»

«ደኅና ነኝ። ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። የጨው ዕቃውን አቀባይ፣ የበርበሬውን ወርዋሪ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አሰለፈቻቸው። አላቋረጥኳትም። ከባድ ነበር፤ አንድ ጊዜ ውኃ ጠጣሁ። እናቷ ስታስብ እንደምታደርገው ግንባሯን ትጨመድዳለች… እስከ ዛሬ ለምን አላየሁትም? ስታወራ እኔ ራሴ አወራ ስለነበር ይሆናል።

ስትጨርስ እኔ ሌላ ልጅ እንዳሰብኩ ነገርኳት። በአንድ ዓረፍተ ነገር።

የጨው ዕቃውን ወዲያ ወዲህ እያደረገች አመዛዘነችው። «አይ» አለች። «የእኔው ይሁን።»

«እሺ» አልኳት።

ስታወራ እራቷ ቀዝቅዞ ነበር። ሣህኗን አንሥቼ ላሞቅላት ሄድኩ።